ስኩዊድን የሚሸከም ሰርቨር፦ የባሕር ዳር ነገር

ዌብ ካሽ ፕሮክሲ በተጠቃሚዎችና በኢንተርኔት መካከል የሚቀመጥ ሰርቨር ነው። አንዱ ያወረደውን ፋይል ቅጂ ይይዛል፤ ሌላው ሲጠይቅ ወደ ውጭ ሳይወጣ ከጓዳው ያቀብላል። በነጻ ከሚገኙት ስመ ጥሩ ስኩዊድ ነው፤ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ።

ባሕር ዳር ውስጥ አንድን መስመር ለብዙ ሰው ማካፈል የተለመደ ነው። የጣና ዳር ሆቴሎችን፣ ኢንተርኔት ቤቶችን፣ ከፔዳና ከፖሊ እስከ ዘንዘልማ በየግቢው የተበተነውን ዩኒቨርሲቲ ማሰብ ይበቃል። እርግጥ ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ (ተመስጥሮ) ስለሚመጣ ስኩዊድ በተለመደው አሠራሩ ያሳልፈዋል እንጂ አያስቀምጠውም። የኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ፓኬጆችንና አንዳንድ የዊንዶውስ አፕዴቶችን ግን አሁንም ይይዛል። ለዚያም ቢሆን የሚያስቀምጠው ፋይል ጣሪያ ከፍ ሊል ይገባል። ሳይነካ ከተተወ ከ4 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም።

ስኩዊድን መጫን ቀላል ነው። ጣጣው ሰርቨሩን በሚያንቀሳቅሰው ሲስተም፣ በሊኑክስ ላይ ነው። ሊኑክስ ለአንድ ፕሮግራም በአንዴ የሚፈቅደው የፋይል ዲስክሪፕተር (ለእያንዳንዱ ክፍት ፋይል ወይም ኮኔክሽን የሚሰጥ ቁጥር) ብዛት ብዙ ጊዜ 1024 ነው። አንድ ጥያቄ ደግሞ እስከ ሦስት ሊወስድ ይችላል፦ አንዱ ለተጠቃሚው፣ አንዱ ለውጭው ሰርቨር፣ አንዱ ዲስክ ላይ ለሚጻፈው ፋይል። ስለዚህ ወደ 340 ጥያቄ በአንዴ ሲመጣ ቋቱ ያልቃል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈት፣ ራሙ ባዶ፣ ሰው ግን «ኔትወርክ የለም» እያለ ይጮኻል። በእኔ እምነት በመስመሩ ላይ ከሚላከከው ጥፋት ቀላል የማይባለው የዚህ ነው። የስኩዊድን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ማየት ይቀድማል። ቁጥሩን ወደ 16384 ወይም 65536 ማሳደግ ይቻላል፤ ግን በሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው ፕሮግራም) የአገልግሎት ፋይል ውስጥ መሆን አለበት። ለሎጊን የተቀመጠው ገደብ በሲስተምዲ ለሚነሳ አገልግሎት አይሠራም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

የፖርት (ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የሚያዝ የበር ቁጥር) እጥረት ብዙም አያሳስብም። ሊኑክስ ከ32768 እስከ 60999 ያሉትን ይጠቀማል፤ የተዘጋ ኮኔክሽንም ለ60 ሰከንድ ያህል ፖርቱን ይዞ ይቆያል። ችግር የሚሆነው ሁሉንም ጥያቄ ወደ አንድ የበላይ ፕሮክሲ ለሚልክ ሰርቨር ነው።

ራም ላይ መቆጠብ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በ64 ቢት ማሽን ለእያንዳንዱ ጊጋባይት የዲስክ ካሽ ወደ 14 ሜጋባይት ራም ለማውጫው ብቻ ይሄዳል። 100 ጊጋባይት ካሽ ማለት 1.4 ጊጋባይት ራም ነው። ለካሽ የሚመደበው ራም ከዚህ ሌላ ነው። ስኩዊድ አንዴ ስዋፕ (ራም ሲያንስ በምትኩ የሚያገለግል የዲስክ ቦታ) ውስጥ ከገባ ሁሉም ነገር ይንቀረፈፋል፤ ስለዚህ ሊኑክስ ወደ ስዋፕ የሚያዘነብልበትን፣ ከ60 የሚነሳውን የስዋፒነስ ቁጥር ወደ 10 ዝቅ ማድረግ ይመከራል። ዲስኩ ለብቻው ቢሆን፣ በኖኤታይም (ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱን እንዳይመዘግብ) ቢያያዝ ይሻላል። ብዙ ዲስክ የሚያጣምረው ሬይድ 5 ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ትንንሽ ፋይል መጻፍ ላይ ደካማ ነው።

ከዚያ መብራት አለ። የ460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ጎረቤት ሆኖም ክረምት ላይ ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራት ይሄዳል። በድንገት የጠፋ ስኩዊድ ሲነሳ የካሽ መዝገቡን እንደገና ይገነባል፤ ካሹ ትልቅ ከሆነ ይህ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ) ለሰርቨሩ የመዝጊያ ምልክት እንዲልክ በኬብል መገናኘት አለበት። ስኩዊድ ሲዘጋ የተጀመሩ ኮኔክሽኖች እስኪያልቁ እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ባትሪው ቢያንስ ይህንና ሲስተሙ የሚዘጋበትን ጊዜ መሸፈን አለበት።