«ላይ» ሁሉ «ኦን» አይደለም

ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለው አሞራ ገደል ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ዳር አስጠግተው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያራግፋሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ሆድ ዕቃው እስኪወረወርላቸው እንደ ዘበኛ ተገትረው ይጠብቃሉ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። አንዳንዴ ተማሪዎቼን ወደ ሐይቁ ይዤ እወጣለሁ። የዓሣ ሾርባ እየጠጣን ያየነውን በእንግሊዝኛ እንናገራለን። የሚያደናቅፋቸው ሁሌ አንድ ነገር ነው፤ እነዚያ «ኢን»፣ «ኦን»፣ «አት» የሚባሉ ትንንሽ ቃላት። በየጊዜው የምሰማቸውን የተሳሳቱ ሐሳቦች እነሆ።

«ላይ ማለት ኦን ነው»

ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ሲሆን እውነት ነው። ችግሩ የእኛ «ላይ» ሥራዋ ብዙ ነው። ጠዋት ፀሐይ ላይ ቁጭ እንላለን አይደል? እንግሊዝኛው «ኢን ዘ ሰን» ነው። «ኦን» ካላችሁ ፀሐይዋን ወንበር አደረጋችኋት ማለት ነው። ሰማይ ላይ ያለው ደመናም «ኢን» ነው። ፎቶ ላይ ያለው ሰው «ኢን»፣ ጋዜጣ ላይ ያነበብነው ወሬም «ኢን»። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ፌስቡክ ግን «ኦን» ናቸው። ለምን ካላችሁኝ፣ እንዲሁ የሚለመድ ነው።

ዛፍ ላይ ያለው ነገር ግን ምክንያት አለው። አንዷ ተማሪዬ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ላይ ጉሬዛ አይታ «ኦን ዘ ትሪ!» ብላ ጮኸች። ጉሬዛው ቅርንጫፍና ቅጠል መሐል ገብቶ ጭራው ብቻ ነው የሚታየው። ዛፉ ስለሸፈነው «ኢን ዘ ትሪ» ነው። ፍሬው ግን ከቅርንጫፉ ጋር ተያይዞ ያደገ ስለሆነ «ኦን» ይባላል።

«ሐዋሳ ኦን ሌክ ሐዋሳ ከተባለ ከተማው ውኃው ላይ ተንሳፈፈ ማለት ነው»

በዚህ ብዙ ተስቋል፤ አባባሉ ግን ትክክል ነው። እንግሊዝኛ የሐይቅ ዳርቻን፣ ወንዝንና መንገድን እንደ መስመር ያያቸዋል። መስመሩን ተጠግቶ ያለ ከተማ «ኦን» ይባላል። ባሕር ዳርም «ኦን ሌክ ጣና» ናት። በሐይቃችን ሦስቱንም ቃላት መለማመድ ይቻላል። ቆሮሶው «ኢን ዘ ሌክ» ይዋኛል። ጀልባዋ «ኦን ዘ ሌክ» ትሄዳለች። ማታ የተቀጣጠርነው ደግሞ «አት ዘ ሌክ» ነው፤ ማንም ሰው ልብሱ አይረጥብም።

«አት ለትንሽ ቦታ፣ ኢን ለትልቅ ቦታ»

ይህን ስንት ደብተር ላይ እንዳየሁት! ዋናው ነገር ግን የቦታው ስፋት አይደለም። «አት» ቦታውን እንደ አንድ ነጥብ ያየዋል፤ «ኢን» ደግሞ ዙሪያው የታጠረ፣ ውስጥ ያለው አድርጎ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሻሸመኔ ላይ ቢቆም «አት ሻሸመኔ» ይባላል። ሻሸመኔ ትንሽ ሆና ሳይሆን ለመንገደኛው መቆሚያ ነጥብ ስለሆነች ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ግቢው ያን ያህል ሰፍቶ፣ እዚያ የሚማር ልጅ «አት» ነው።

አንድ ተማሪዬ «እናቴ ኢን ሆስፒታል ናት» አለኝ። ደነገጥኩ። «እግዜር ይማራት» ስል እሱም ደነገጠ። ለካ ነርስ ናት፣ ሥራ ላይ ነበረች! «ኢን ሆስፒታል» ሲባል ተኝታ እየታከመች ነው ማለት ነው። ሥራ ላይ ላለችው «አት ዘ ሆስፒታል» ይበቃ ነበር።

«ፊት ለፊት ኢን ፍሮንት ኦፍ ነው»

ይቺ ሰው ታንከራትታለች። በራሴ የደረሰ ነው። አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ቀጥሬ «ካፌው ኢን ፍሮንት ኦፍ ሆቴልሽ ነው» አልኳት። እኔ አስፋልቱን ተሻግሮ ያለውን ካፌ ማለቴ ነው። እሷ ደግሞ ከሆቴሉ በር ሥር ካፌ ስትፈልግ ግማሽ ሰዓት ቆመች። እኔ ማዶ ሆኜ ማኪያቶዬን ጨረስኩ። «ኢን ፍሮንት ኦፍ» ማለት በዚያው ወገን፣ ከደጁ ፊት ማለት ነው። መንገድ ተሻግሮ ያለው «ኦፖዚት» ወይም «አክሮስ ፍሮም» ይባላል። አማርኛችን ለሁለቱም «ፊት ለፊት» ስለሚል ነው የምንሸወደው። ባጃጅ ስትጠሩ የምትሉት ሌላ ነው፤ ለውጭ አገር ሰው አቅጣጫ ስትነግሩ ግን «መንገድ መሻገር አለበት?» ብላችሁ አስቡ።

«መኪናው ትልቅ ከሆነ ኦን፣ ትንሽ ከሆነ ኢን»

ይሄ ቢያንስ ወደ እውነቱ ይጠጋል። አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን «ኦን» ናቸው። ግን የጭነት መኪናስ? ያን ያህል ገዝፎ ጋቢናው የተቀመጠ ሰው «ኢን» ነው። የተሻለው መለያ ቆሞ መራመድ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ። የቤት መኪናና ታክሲ ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ ገብታችሁ ቁጭ ነው፤ ስለዚህ «ኢን»። ባጃጅንም እዚሁ መድቧት። ሞተር ሳይክልና ፈረስ ግን የሚፈናጠጧቸው ስለሆኑ «ኦን» ናቸው።

«ደረስኩ ለማለት አራይቭ ቱ»

«አራይቭ» ከ«ቱ» ጋር አይሄድም። ከተማ ሲሆን «አራይቭ ኢን ሐዋሳ»፣ መናኸሪያ ሲሆን «አራይቭ አት» ነው። «ጎ» ግን «ቱ» ይፈልጋል፤ ቤት እስኪደርስ ድረስ ብቻ። ወደ ቤት መሄድ ባዶውን «ጎ ሆም» ነው።