ጂኢዲ ማትሪክ አይደለም

ቅዳሜ ጠዋት ሜሪላንድ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከጥቂት ያገሬ ሰዎች ጋር ሂሳብ እንሠራለን። አንዱ የፓርኪንግ የሌሊት ሺፍቱን ጨርሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ በቀጥታ ይመጣል። አንዷ ልጆቿን ለእናቷ ትታ ትመጣለች። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያን የሚተካውን፣ ጂኢዲ የሚባለውን ምስክር ወረቀት። እኔ ራሴ በ39 ዓመቴ ነው የወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ከፈተናው በላይ ሰውን ወደ ኋላ የሚጎትተው በየቡናውና በየለቅሶው የሚሰማው ወሬ መሆኑን ነው።

ደጋግሞ የሚገጥመኝን ላንሣ።

«አንዴ ከወደቅኩ አለቀልኝ»

ይህ ፍርሃት ከማትሪክ የመጣ ነው። አገር ቤት ማትሪክ በዓመት አንዴ ነው። ውጤት የወጣ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ «ምን አመጣ?» ይላል። ያልቀናው ልጅ ከቤት መውጣት ያፍራል። ብዙዎቻችን ያንን ቀን ይዘነው ነው የተሰደድነው። ሃያ ዓመት አልፎም «ፈተና» የሚል ቃል ስንሰማ ሆዳችን ባር ባር ይላል።

ጂኢዲ እንደዚያ አይደለም። አራት ለየብቻ የሚወሰዱ ፈተናዎች አሉት። ንባብና ጽሑፍ 150 ደቂቃ፣ ሂሳብ 115፣ ሳይንስ 90፣ ሶሻል ስተዲስ 70 ደቂቃ ነው። አራቱንም በአንድ ቀን መቀመጥ ግዴታ አይደለም። ሳይንስን መስከረም ላይ፣ ሂሳብን ጥር ላይ መውሰድ ይቻላል። ቀኑን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ያለፋችሁት ይያዝላችኋል፣ የወደቃችሁትን ብቻ ትደግማላችሁ። በብዙ ስቴቶች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ድጋሚዎች ብዙ ሳትጠብቁ መውሰድ ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን 60 ቀን መቆየት አለ። ውጤቱም ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም። በራሳችሁ አካውንት ይመጣል። እናንተ ካልተናገራችሁ ማንም አያውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ጀምራችሁ ለዓመታት አትተዉት። እ.ኤ.አ. በ2014 ፈተናው ሲቀየር፣ አምስት ክፍል ከነበረው ከአሮጌው ፈተና ሦስትና አራቱን አልፈው የነበሩ ሰዎች ውጤታቸው ቀርቶባቸው እንደገና ጀምረዋል።

«145 ማምጣት ማለት ከመቶ 72 ማምጣት ነው»

በእያንዳንዱ ፈተና ማለፊያው 145 ነው፣ ጣሪያው 200። የእኛ ሰው ይህንን ሲሰማ ወዲያው ያካፍላል። 72.5 ይወጣል። «እኔማ አልችልም» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ስሌቱ ግን ልክ አይደለም። መለኪያው የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከ100 ነው። ስለዚህ 145 የመቶኛ ነጥብ አይደለም። ማለፊያው ራሱ መጀመሪያ 150 ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ወደ 145 የወረደው። 165 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ለኮሌጅ ዝግጁ ነው ይባላል።

ደረሳችሁ አልደረሳችሁ ለማወቅ በግምት አትሂዱ። ጂኢዲ ሬዲ የሚባል የመለማመጃ ፈተና አለ። ዋጋው ከዋናው በጣም ያነሰ ነው። ውጤቱ «የማለፍ ዕድልህ ከፍ ያለ ነው» ብሎ ካሳያችሁ ቀን ያዙ። ካላለ ገንዘባችሁን ቆጥቡና ሁለት ወር ጨምሩ።

«የአሜሪካን ታሪክ በሙሉ መሸምደድ አለብኝ»

በሽምደዳ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ፈተና ሲባል ቀድሞ የሚመጣብን ቀንና ስም ነው። ሶሻል ስተዲስ ላይ ግማሹ ስለ መንግሥትና ስለ ዜግነት ነው። የአሜሪካ ታሪክ 20 ከመቶ ነው። ቀሪው ኢኮኖሚና ጂኦግራፊ ነው። ጥያቄዎቹ አንድ አንቀጽ፣ ካርታ ወይም ሠንጠረዥ ይሰጧችሁና «ከዚህ ምን ትረዳላችሁ?» ነው የሚሉት። የዜግነት ቃለ መጠይቅ የተዘጋጀ ሰው ደግሞ ሦስቱን የመንግሥት አካላት፣ ሕገ መንግሥቱን፣ የሴኔቱን ሥራ አስቀድሞ አውቋል። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው መንገዱን አጋምሷል።

ሳይንስም ያው ነው። የሴል ክፍሎችን በቃል ከመያዝ ይልቅ አንድ ግራፍ አይቶ «ሙቀቱ ሲጨምር ምን ሆነ?» የሚለውን መመለስ ነው የሚበልጠው። የሂሳብ ቀመሮችም ስክሪኑ ላይ ተጽፈው ይቀርባሉ። ካልኩሌተርም አለ፣ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ጥያቄዎች በስተቀር።

«የመንጃ ፈቃድ ፈተና በአማርኛ አለ፣ ይሄም ይኖራል»

እውነት ነው፣ ዲሲና ቨርጂኒያ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ ይሰጣሉ። ጂኢዲ ግን በአማርኛ የለም። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው ያለው። ይህን ማወቅ ያለባችሁ ዛሬ ነው፣ ከተመዘገባችሁ በኋላ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ከባዶ ትጀምራላችሁ ማለት አይደለም። እኛ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳብና ሳይንስ የተማርነው በእንግሊዝኛ ነው። አብራን የምትማር አንዲት እናት አለች፣ ሱቅ ውስጥ ካሸር ናት። ኢኩዌሽን ስሰጣት እርሳሷን ሳታነሣ ትጨርሰዋለች። «እትዬ፣ ይህን ደግሞ ሞክሪው» አልኳት አንድ ቀን። 85 ዶላር የሆነ ካፖርት 20 ከመቶ ቅናሽ ተደርጎበት፣ 6 ከመቶ ታክስ ሲጨመርበት ስንት ይሆናል? ትንሽ አሰበችና «72 ከ8 ሳንቲም» አለችኝ። «ይሄማ የየቀን ሥራዬ ነው» አለች።

ያስቸገራት ሌላ ነው። «አት ሊስት» (ቢያንስ) የሚል ሐረግ። ሊስት ሲል «ትንሽ» የሚል መስሏት የ«ይበልጣል» ምልክቱን ወደ «ያንሳል» ታዞረዋለች። «ቢያንስ 15» ማለት 15 ወይም ከዚያ በላይ ነው ስላት ሳቀች፣ ደብተሯ ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፈችው። ሂሳቡን ታውቀዋለች፣ የጎደላት የሐረጎቹ አነጋገር ነው። እንደዚህ ዓይነት ሐረጎች ሃምሳ አይሞሉም። ሃምሳ ሐረግ ደግሞ በሁለት ወር ይያዛል።

ከሐረጎቹ ቀጥሎ የሚፈትነን ታይፕ ማድረግ ነው። ሁሉም በኮምፒውተር ነው። ንባብና ጽሑፍ ላይ በ45 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጽሑፍ መጻፍ አለ። በሁለት ጣት ፊደል የሚፈልግ ሰው ሐሳቡ ሞልቶ ሰዓቱ ያልቅበታል። በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ ታይፕ ተለማመዱ። ይህን ምክር የሚንቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ እባካችሁ እናንተ አትናቁት።

በሰዓት የተወሰነ ፈተና ጨርሶ የማይሆንለት ሰውም ሌላ መንገድ አለው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ናሽናል ኤክስተርናል ዲፕሎማ ፕሮግራም የሚባል አለ። እዚያ ሥራዎችን በራሳችሁ ጊዜ እየሠራችሁ ችሎታችሁን ለገምጋሚ ታሳያላችሁ። እንግሊዝኛው ይፈለጋል፣ ግን ሰዓት የሚቆጥርባችሁ የለም። ዲሲ ለሚኖር ሰው እንደ አካደሚ ኦፍ ሆፕና ካርሎስ ሮዛርዮ ያሉ የአዋቂዎች ቻርተር ትምህርት ቤቶች በነፃ ያስተምራሉ። ሌላ ቦታ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም ቤተ መጻሕፍት «አደልት ኢዱኬሽን» ብላችሁ ጠይቁ።

«የአገር ቤት ትምህርቴ እዚህ ዋጋ የለውም»

ይህኛው በጣም ያሳዝነኛል። አሥራ ሁለተኛን በደንብ የጨረሱ ሰዎች ጂኢዲ ሲያጠኑ አግኝቻለሁ። ላያስፈልጋቸው ይችላል! መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃችሁን አስገምግሙ። ናሴስ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ያሉ ገምጋሚ ድርጅቶች የውጭ አገር ማስረጃ አይተው በአሜሪካ ሥርዓት ምን ጋር እንደሚመጣጠን ይጽፋሉ። ኮሌጁን ወይም አሠሪውን ደግሞ የየትኛውን ድርጅት ግምገማ እንደሚቀበል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የቃል ግራ መጋባትም አለ። እኛ ዲፕሎማ ስንል የኮሌጅ ነው። እዚህ ሃይ ስኩል ዲፕሎማ ሲሉ የአሥራ ሁለተኛ ማጠናቀቂያ ነው። አንድ ወንድማችን የሥራ ፎርም ላይ «ዲፕሎማ አለህ?» ሲባል ለዓመታት «የለኝም» እያለ ሲሞላ ኖሯል። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ነው።

አሥረኛ ላይ ያቆማችሁ ወይም ማስረጃችሁ በጦርነት፣ በስደት የጠፋባችሁ ግን ጂኢዲ የእናንተ ነው።

«ጂኢዲ ካለኝ ዲቪ መሙላት እችላለሁ»

አትችሉም። ዲቪ አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ መደበኛ ትምህርት ወይም ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት፣ ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ላይ የተሠራ ሥራ ይፈልጋል። የዲቪ መመሪያው ጂኢዲንና በርቀት የተገኘ ማስረጃን እንደማይቀበል በግልጽ ጽፎታል። አገር ቤት ላለ ዘመዳችሁ በዚህ ተስፋ ገንዘብ እንዳትልኩ።

«ኢንተርኔት ላይ ከፍለህ በሁለት ሳምንት ይመጣል»

የማውቃት ልጅ 300 ዶላር ከፍላ፣ ሃምሳ ቀላል ጥያቄ መልሳ፣ ወርቃማ ማኅተም ያለው ወረቀት በፖስታ መጣላት። ፍሬም ገዝታ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ነርሲንግ ልትመዘገብ ስትሄድ ወረቀቱ አይታወቅም ተባለች። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ያሉ የውሸት የኢንተርኔት «ሃይ ስኩሎችን» ከስሷል፣ ነገር ግን አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል።

ግራ የሚያጋባው ትክክለኛውንም ጂኢዲ በብዙ ስቴቶች ከቤት ሆኖ መፈተን መቻሉ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው። እውነተኛው የሚከፈተው በጂኢዲ ዶት ኮም ብቻ ነው። መጀመሪያ ጂኢዲ ሬዲን በአጥጋቢ ውጤት ማለፍ አለባችሁ። ከዚያም ፈታኝ በካሜራ እያያችሁ ነው የምትቀመጡት። ማንም ሳያያችሁ የሚሰጥ ነገር ከሆነ ገንዘባችሁን አትክፈሉ። ክፍያውም ከስቴት ስቴት ይለያያል፣ ኒውዮርክ ውስጥ ለነዋሪው ነፃ ነው።

«ዕድሜዬ አለፈ»፣ «ኮሌጅም አይቀበለው»

የላይ የዕድሜ ገደብ የለም። ፈተናው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1942 የተጀመረው ትምህርታቸውን አቋርጠው ለዘመቱ ወታደሮች ነው። ከመነሻው ለአዋቂ የተሠራ ነገር ነው። ከሜሪላንድ አጠገብ ባለችው ደላዌር ሩት አን ሚነር የሚባሉ ሴት ነበሩ። እርሻ ለመሥራት በ16 ዓመታቸው ትምህርት አቋረጡ። ባለቤታቸው በድንገት ሲሞቱ 32 ዓመታቸው ነበር፣ ሦስት ወንዶች ልጆች ቀሯቸው። ከዚያ ነው ጂኢዲ የያዙት። ከ2001 እስከ 2009 የግዛቲቱ ገዥ ሆኑ። ሪቻርድ ካርሞናም ጂኢዲ የያዙት ሠራዊት ውስጥ ነው፣ በኋላ የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ከዚያም ከ2002 እስከ 2006 የአሜሪካ ሰርጅን ጄኔራል፣ ማለትም የመንግሥት የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም ሆነዋል።

ሜሪላንድ ፈተናውን ላለፈ ሰው የምትሰጠው የሜሪላንድ ሃይ ስኩል ዲፕሎማ ነው። አብዛኛው ኮሌጅ ይቀበለዋል። የፌዴራል የትምህርት ድጋፍም ይከፍታል። ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው እንደ ገቢው ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል። በ2024-25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ብድር አይደለም። ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ለመሆን በብዙ ቦታ ጂኢዲ አይጠየቅም፣ ወደ ኤልፒኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ማደግ ስትፈልጉ ግን በሩ ላይ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው።

«ስም ምን ችግር አለው?»

ይህኛው በራሴ ደርሷል። የሂሳብ ፈተና ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ በሁለት አውቶብስ ተጉዤ፣ ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። በሩ ላይ ያለችው ሴት መታወቂያዬን አየች፣ ስክሪኗን አየች፣ እንደገና መታወቂያዬን አየች። ስመዘገብ የአባቴን ስም ነበር በመጨረሻ ስምነት የጻፍኩት። መታወቂያዬ ላይ ግን ያለው የአያቴ ስም ነው፣ እሱም አንድ ፊደል ተለውጦ። «ይቅርታ፣ ማስገባት አልችልም» አለችኝ። ክፍያዬም ቀረ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ በየቢሮው ስማችን በተለያየ መንገድ ተከፋፍሎ ተጽፏል። ፈተናው የሚጠይቀው ግን በአካውንቱና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑን ነው።

የዚያን ቀን ማታ መታወቂያዬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፊደል በፊደል እያየሁ አካውንቴን እንዲያስተካክሉልኝ ጻፍኩላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው አውቶብስ ተመልሼ ሄድኩ።