ፀሐይ ሳትጠልቅ

ውድ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ።

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ግንቦት ላይ አንድ ተሸካሚ ልጅ 600 ብር ተበደረኝ። እናቴ ታመውብኛል አለ። ስልኩን በመያዣ ሰጠኝ። አሮጌ ነው፣ መስታወቱ ተሰነጣጥቋል፣ ጀርባው በላስቲክ ታስሯል። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ተስማምተን ነው፣ አላስገደድኩትም። ማታ ልዘጋ ስል ስልኩ ጠራ። ዝም አልኩት። ደግሞ ጠራ። ቆልፌ ሄድኩ።

ያን ሰሞን ኦሪት ዘጸአትን እያነበብኩ ነበር። በግንቦት ድሬ ማታ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ወንበሬን ግቢ አውጥቼ አምፖሉ ሥር ተቀመጥኩ። ምዕራፍ 22 ላይ ደርሻለሁ። ስለ በሬ ሌባ፣ ስለ አደራ ዕቃ፣ አዝመራ ስለሚበላ እሳት። እውነቱን ለመናገር፣ ሁሌ የምዘለው ቦታ ነው። ከዐሥርቱ ትእዛዛት በኋላ ቀጥታ ወደ ወርቁ ጥጃ ነበር የምሄደው።

ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። የባልንጀራህን ልብስ መያዣ ብታደርግ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስለት ይላል። ያለው እሱ ብቻ ነው፣ ሌላ ምን ለብሶ ይተኛል? ወደ እኔ ቢጮኽ እሰማዋለሁ፣ መሐሪ ነኝና።

መጀመሪያ ብዙም አልተሰማኝም። ድሬ ተወልዶ ላደገ ሰው በግንቦት ያለ ልብስ ማደር ምኑ ይከብዳል? ኋላ ግን ቁልቢ ትዝ አለኝ። በልጅነቴ ለታኅሣሥ ገብርኤል በአንድ ነጠላ ሄጄ ያደርኩባት ሌሊት። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ላብ በላብ ነበርን። ሌሊቱን ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። አንዲት የማላውቃቸው እናት የጋቢያቸውን ጫፍ ገልጠው «ና ግባ ልጄ» ባይሉኝ እንዴት ያነጋኝ ነበር?

መልሼ አነበብኩት። እግዚአብሔር ዕዳውን አልሰረዘም። መያዣ መያዝ ክልክል ነው አላለም። አበዳሪው ነገም «ገንዘቤን» ማለት ይችላል። ግን ማታ ሲሆን የድሀው ልብስ ወደ ድሀው ይመለሳል። ፍትሑ ይሄ ጋ አለቀ፣ ፍቅሩ ይሄ ጋ ጀመረ የምትሉበት መስመር ይታያችኋል? እኔ አጣሁት። ፍርዱን ጽፎ ሲጨርስ ከሥሩ የፈረመው «መሐሪ ነኝ» ብሎ ነው።

እርሳሴን አንሥቼ የልብሱን ነገር ተከተልኩ። ዘዳግም 24 ላይ አበዳሪው መያዣውን ሊወስድ ወደ ሰውየው ቤት እንዳይገባ ይከለከላል። ደጅ ይቁም፣ ባለዕዳው ራሱ ያውጣለት። ለምን ደጅ? የጎደለውን ምድጃ፣ ባዶውን ማሰሮ እንዳያይበት ይመስለኛል። የእኔ ግምት ነው፤ የንስሐ አባቴንም እጠይቃቸዋለሁ። የመበለትን ልብስ ግን ጭራሽ አትንካ ይላል እዚያው።

ከዚያ አሞጽ 2። በመያዣ በወሰዱት ልብስ ላይ፣ በየመሠዊያው አጠገብ ይተኛሉ ብሎ ይከሳቸዋል። አስቡት! ሰዎቹ ከአምልኮ አልቀሩም። መሠዊያው ሥር ናቸው። የነጠፉት ግን የድሀ ልብስ ነው።

መሳቢያው ትዝ ያለኝ ይሄን ጊዜ ነው።

ለብቻ ማንበብ እዚህ ላይ ይለያል። ጉባኤ ላይ ቢሰበክ ኖሮ «ይሄን እገሌ በሰማው» ብዬ ዞር እል ነበር። ስንቱን ስብከት ለጎረቤቴ አሳልፌ ሰጥቻለሁ መሰላችሁ። ያን ማታ ግን ብቻዬን ነኝ፣ የማሳልፍለት ሰው የለም። አንድ ቁጥር ይዛችሁ፣ የሚመራችሁን ቃል እየተከተላችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። በዓመት ጨረስኩ ለማለት መሮጥ ለእኔ አልጠቀመኝም።

በነጋታው ገና ሱቅ ሳልከፍት ልጁን ፈልጌ ስልኩን ሰጠሁት። ፀሐይ ጠልቃ ተመልሳ ወጥታለች እንግዲህ። ሲያየው ያመለጡ ጥሪዎች ሰባት ናቸው። ሌሊት ጭነት የሚያራግፍለት ሰው ፈልጎ የደወለ ነጋዴ አለ፤ ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል። ሁለቱ ከእናቱ ናቸው። ለካ ልብሱን ኖሯል የቆለፍኩበት። ይቅርታ ስለው «አቦ ችግር የለም ጋሼ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። 600 ብሩን በወሩ ከፈለኝ፣ ተቀበልኩትም።

ስልኩን የመለስኩ ቀን ማታ ማቴዎስ 27ን ከፈትኩ። ወታደሮቹ የጌታን ልብስ ዕጣ ተጣጥለው ይካፈላሉ። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ይሆናል። በእኛው ሰዓት ነው፣ ማስላት አያስፈልግም፤ ጠራራ ቀትር። በቀን ጨለመ፣ ልብሱን የመለሰለት ግን የለም። ያን ሕግ ለሙሴ የሰጠው እርሱ ነው። የምንጮኸውን የሚሰማው እርሱ ነው። በዚያች ሰዓት ዕርቃኑን ሆኖ ሲጮኽ ደግሞ፣ ዕዳው የእርሱ አልነበረም።

ብዙ ሳልገልጥ ቆየሁ። ከዚያ ዘጸአት 22 ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ዘዳ. 24፣ አሞጽ 2፣ ማቴ. 27 ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ። ከሥሩ የዚያን ልጅ ስም።