አንድ ረጅም ቃል፣ ሁለት አቆራረጥ

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናትና የረጅም እንግሊዝኛ ቃል ምሳሌያችንን ከዚያው እንውሰድ። እንግሊዝኛው «ኢንደስትሪ» ሲል ድምፁ የሚጎላው «ኢን» ላይ ነው። «ኢንደስትሪያል» ሲሆን ጫናው ወደ «ደስ» ይዛወራል። «ኢንደስትሪያላይዜሽን» ላይ ደግሞ «ዜ» ጋ ይደርሳል። ተማሪ ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው፤ እውነቱን ነው።

በድምፅ ስንቆርጠው ሰባት ቀለም (አንድ ላይ የሚጠራ የድምፅ ቁራጭ) ይወጣዋል፦ ኢን፣ ደስ፣ ትሪ፣ ያ፣ ላይ፣ ዜ፣ ሽን። በትርጉም ስንቆርጠው ግን ምዕላዱ (ትርጉም ያለው ትንሹ የቃል ክፍል) አራት ነው፦ «ኢንደስትሪ»፣ ቅጽል የሚያደርገው «አል»፣ ግስ የሚያደርገው «አይዝ»፣ መልሶ ስም የሚያደርገው «ኤሽን»። ሁለቱ አይገጥሙም። «ላይ»ን ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ «ል»ን ከ«አል»፣ «አይ»ን ከ«አይዝ» ነው የወሰደው። ስለዚህ ቀለም ውስጥ ትርጉም አትፈልጉ።

አማርኛ ላይ ጫና ያን ያህል ጎልቶ ስለማይሰማ ሁሉንም እኩል መጥራት ይቀናናል። በእንግሊዝኛ ግን ጫናው ቦታ ከሳተ ሰሚው ቃሉን ላይለየው ይችላል።

ደግነቱ መጨረሻው ይጠቁማል። በ«ኤሽን» ለሚያልቁ ረጃጅም ቃላት ጫናው ከሞላ ጎደል ከ«ሽን» በፊት ያለው ቀለም ላይ ነው፤ «ኤጁኬሽን» ላይ «ኬ»። በ«ኢቲ» ለሚያልቁትም ከእሱ በፊት ያለው ነው። ደሴ ላይ «ወሎ ዩኒቨርሲቲ»ን በእንግሊዝኛ ስትጠሩ «ቨር»ን ጫን በሉት።