«ሆዴ ባዶ ነው፣ ለምን እጠጣለሁ?» ከኮሎኖስኮፒ በፊት አንጀት ስለማጽዳት የሚባሉ ስህተቶች

ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ፣ የታዘዘለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ካሜራውን ነው። ምርመራውን ያደረጉትን ብትጠይቁ ግን «እሱስ ቀላል ነበር፤ የከበደኝ ከዚያ በፊት አንጀት ማጽጃውን መድኃኒት መጠጣቱ ነው» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ምርመራው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል፤ ማጽዳቱ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ከሽንት ቤት ደጃፍ አያርቅም። ቢሆንም ሐኪሙ ማየት የሚችለው ይህ ዝግጅት የገለጠለትን ብቻ ነው። እንደየቦታው ቢለያይም ከ100 ምርመራዎች እስከ 25 በሚደርሱት ላይ አንጀቱ በበቂ ሁኔታ ሳይጸዳ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ምርመራው በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይደረጋል። ያን ሁሉ ጠጥቶ እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር ያሳዝናል፤ ለዚህ የሚዳርጉት ደግሞ በአብዛኛው ቀጥሎ ያሉት ወሬዎች ናቸው።

«ከትናንት ጀምሮ ምንም አልበላሁም፤ ሆዴ ባዶ ነው»

ጨጓራ ባዶ ሆነ ማለት አንጀት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ትልቁ አንጀት 1.5 ሜትር ያህል ይረዝማል። የምግብ ትርፍራፊ እዚያ ውስጥ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይቆያል። ዛሬ ብትጾሙ የትናንት ወዲያው ገና አልወጣም። በዚያ ላይ ባንበላም አንጀት ሥራ አይፈታም፤ ሐሞት ይወርዳል፣ ዝልግልግ ፈሳሽ ይመነጫል። ተቅማጥ ያለበት ሰውም «እኔማ ድሮም እያስቀመጠኝ ነው» ብሎ መድኃኒቱን መተው የለበትም።

«ውሃ ውሃ ካለኝ ጸድቻለሁ»

ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሱ በኋላ የሚወጣው ፈሳሽ ይሆናል። ይሄኔ ብዙ ሰው እፎይ ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። መታየት ያለበት ግን ቀለሙ ነው። ቡናማ ወይም ድፍርስ ከሆነ ገና ነው። የሚፈለገው እንደ ሽንት ቢጫና ጥርት ያለ፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ ታች የሚያሳይ ፈሳሽ ነው። ማታውኑ እንዲህ ቢጠራላችሁ እንኳ የጠዋቱ ድርሻ አይቀርም። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

«ሁሉንም ማታ ጠጥቼ ልገላገል»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ምክንያቱን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ማን በሌሊት ተነስቶ ይጠጣል? እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ትንሹ አንጀት ሐሞት የተቀላቀለበት ተጣባቂ ፈሳሽ ወደ ትልቁ አንጀት መጀመሪያ፣ ማለትም ወደ ቀኝ ጎን ሲያፈስ ያድራል። ጠዋት ላይ የአንጀቱ ግድግዳ ስስ ነገር ተቀብቶ ይገኛል። በዚሁ በቀኝ በኩል የሚበቅሉ አንዳንድ ፖሊፖች (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚወጡ ትንንሽ እብጠቶች) ደግሞ እንደ እንጉዳይ ጎልተው የሚታዩ አይደሉም። ጠፍጣፋ ናቸው፣ ቀለማቸው ከግድግዳው አይለይም፣ በላያቸውም ንፍጥ መሰል ክዳን ይደርባሉ። ከጊዜ ብዛት ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉም አሉባቸው። ያ ስስ ቅባት ካልታጠበ ካሜራው በላያቸው አልፎ ይሄዳል።

ለዚህ ነው መድኃኒቱ ለሁለት የሚከፈለው። ግማሹ በዋዜማው ማታ ይጠጣል። ሌላው ግማሽ ከምርመራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ተጀምሮ፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ሲቀረው ያልቃል። ቀጠሮው ማለዳ ከሆነ ማንቂያ ሞልቶ በሌሊት መነሳት ግድ ነው። ይከብዳል፤ ግን እንቅልፉ በማግስቱ ይተካል። ቀጠሯቸው ከሰዓት በኋላ ለሆነ ሰዎች ሁሉንም በዚያው ቀን ጠዋት መጠጣት የሚፈቀድበት ጊዜም አለ።

«ማደንዘዣ ስለምወስድ ጠዋት ጠብታም አልቀምስም»

ለአብዛኛው ሰው ጥርት ያለ ፈሳሽ ምርመራው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። የጠዋቱ መድኃኒትም በዚህ ውስጥ ይገባል። የሚመረመሩበት ቦታ ከዚህ የረዘመ ሰዓት ከሰጣችሁ ግን የእነሱን ተከተሉ። ለስኳር ወይም ለክብደት መቀነሻ በየሳምንቱ መርፌ የምትወስዱ ቀደም ብላችሁ ተናገሩ፤ አንዳንዶቹ ጨጓራ ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋሉ።

«መድኃኒቱ ያስጠላል፤ በምትኩ ብዙ ውሃ ብጠጣስ?»

ውሃ ብቻውን ከጠጣችሁት አብዛኛው ከአንጀት ወደ ደም ይገባና በሽንት ይወጣል። ያለ ልክ ከሆነም በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አሳንሶ ለአደጋ ይዳርጋል። ዋናው ማጽጃ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል ይባላል። ሰውነት አይመጠውም፤ ውሃውን ይዞ አንጀቱን እያጠበ ይወርዳል። ያ የሚያስጠላው ጨው ጨው ማለቱም በምክንያት ነው፤ የሰውነታችን ጨው እንዳይዛባ ተለክቶ የገባ ነው። አሜሪካዊው የጨጓራና አንጀት ሐኪም ጆን ፎርድትራንና ባልደረቦቹ ይህን ውህድ በ1980 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ። ከዚያ በፊት ሰው ለቀናት ምግብ እየተከለከለ በጠንካራ ማስቀመጫ መድኃኒትና በተደጋጋሚ እጥበት ነበር የሚዘጋጀው። ከታች የሚደረግ እጥበት ደግሞ የሚደርሰው የመጨረሻውን የአንጀት ክፍል ብቻ ነው።

ለመጠጣቱ የሚያግዝ ነገር አለ። በጥብጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙት። በስትሮው፣ ወደ ምላስ ጀርባ እየሳባችሁ ጠጡ። በየ10 ወይም 15 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ። ካቅለሸለሻችሁ ግማሽ ሰዓት አረፍ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ከመጀመራችሁ በፊት መቀመጫችሁን ቫዝሊን ቀቡ። ከአምስተኛው ምልልስ በኋላ ታመሰግኑኛላችሁ።

«ፈሳሽ እስከሆነ ድረስ ምንም ይሁን»

መለኪያው ብርጭቆው ከጀርባው ያለውን ማሳየቱ ነው። የተጣራ የአፕል ጭማቂ፣ የተጣራ የሥጋ መረቅ፣ ወተት የሌለው ሻይና ቡና ይሆናሉ። ወተት አይሆንም። ቀይና ሐምራዊ መጠጥም ይቅር፤ አንጀት ውስጥ ሲታይ ደም ይመስላል።

ጥቃቅን ፍሬ ያለው ምግብ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ካሜራው የቀረ ፈሳሽ የሚመጥበት ቀዳዳ ስፋቱ 4 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጥቂት የቲማቲም ፍሬዎች እዚያ ቢሰነቀሩ ሐኪሙ ማየቱን ትቶ ቀዳዳ ሲያስከፍት ደቂቃ ይባክናል። ስለዚህ ሌላ ጊዜ የሚመከሩት አትክልት፣ ለውዝና ያልተፈተገ እህል በዋዜማው አይበሉም። ሆድ ድርቀት ያለባችሁ ግን ረዘም ያለ ዝግጅት ሊያስፈልጋችሁ ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ።

«የምወስደውን ኪኒን ሁሉ ላቁም»

በራሳችሁ አታቁሙ። የግፊት መድኃኒት ብዙ ጊዜ በጥቂት ውሃ ይወሰዳል። የስኳር መድኃኒትና ደም ማቅጠኛ ግን ሐኪም ሳይጠየቅ አይነኩም። የአይረን ኪኒን ሰገራን አጥቁሮ ስለሚያጣብቅ ከ5 እስከ 7 ቀን ቀድሞ ይቆማል። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ ማጽጃው ሳይመረጥ በፊት መነገር አለበት፤ ሶዲየም ፎስፌት ያለባቸው ማጽጃዎች ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ።

«የወር አበባዬ መጣ፤ ቀጠሮውን ልሰርዝ»

አያስፈልግም።

«አልጸዳሁም ብል ይቆጡኛል»

ጠዋት ከቤት ስትወጡ የሚወጣው አሁንም ቡናማ ከሆነ ወደሚመረምሯችሁ ደውሉ። ተጨማሪ መድኃኒት ሊሰጧችሁ ወይም ሰዓቱን ሊያሸጋሽጉ ይችላሉ። ሆዳችሁ ተነፍቶ አጥብቆ ካመማችሁ፣ ምንም ሳይወጣ ትውከቱ አላቆም ካለ ግን መጠጣቱን አቁማችሁ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።