የሐረማያ ሐይቅ ወለልና የዓሣው ነገር

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው የደንገጎን ዳገት ከጨረሰ በኋላ ሐረማያ ጋ ሲደርስ ሐይቁን ያገኘዋል። ቦታው ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ፣ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ሐረር፣ አወዳይና ሐረማያ ለብዙ ዓመታት ከዚህ ሐይቅ ሲጠጡ ኖረዋል። በ1996 እና 1997 ዓ.ም. አካባቢ ግን ሐይቁ ደረቀ። የከተሞቹ ፍጆታ ነበር፤ ጫትና አትክልት ለማጠጣት ሌት ተቀን የሚስብ ሞተር ነበር፤ ከተራቆተው ኮረብታ በጎርፍ የሚወርድ ደለልም ነበር። ሐረር ከድሬዳዋ በኩል በሚገፋ የጉድጓድ ውኃ መኖር ጀመረች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውኃው በከፊል ተመልሷል። እሰየው ነው።

ውኃው ሲመለስ የዓሣ ነገርም አብሮ ይነሳል። ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስንት ጫጩት ይጨመር የሚለው ነው። መቅደም ያለበት ግን የሐይቁ ወለል፣ ማለትም ከውኃው በታች ያለው መሬት፣ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ነው።

ዓሣ ሐይቅ ውስጥ የሚኖረው ቦታ መርጦ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን ዓሣ እንመልከት። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ አሸዋማ ወለል ላይ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያ በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ አደጋ ሲመጣባቸው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ያ አሸዋ በደለል ከተሸፈነ ጎጆ የለም። አምባዛ ሌላ ነው። ጭቃና ድፍርስ ውኃ አይከብደውም፤ አየርም መተንፈስ ይችላል። ሲራባ ግን በዝናብ ወቅት ውኃ ወደዋጠው ሣር ይወጣል፤ እንቁላሉ ቅጠልና ግንድ ላይ ይጣበቃል። ዳርቻው ድረስ ከታረሰ ያ ሣር አይኖርም።

የውኃ ወለል ካርታ የሚባለው እንግዲህ ጥልቀትን ብቻ አያሳይም። አሸዋው፣ ጭቃው፣ ድንጋዩ፣ ቄጠማው የት የት እንዳለ ይለያል። ባሕር ላይ ሥራው ትልቅ ነው፤ ያም ሆኖ እስካሁን በዘመናዊ መሣሪያ በቅጡ የተለካው የዓለም ባሕር ወለል ሩብ ገደማ ብቻ ነው። ካናዳ ውስጥ ስካሎፕ የሚባለውን ባለ ዛጎል እንስሳ የሚያጠምዱ መርከቦች እንዲህ ያለ ካርታ ሲያገኙ፣ ያንኑ ምርት ማጥመጃቸውን ወለሉ ላይ በጣም ላነሰ ሰዓት እየጎተቱ አውጥተዋል። ነዳጅም ተረፈ፣ ወለሉም ተረፈ።

ለሐይቅ ግን መርከብ አያስፈልግም። ጀልባ፣ ጂፒኤስና ድምፅ ወደ ታች የሚልክ መለኪያ ይበቃል። ድምፅ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ያህል ይሄዳል። ደርሶ ለመመለስ አንድ መቶኛ ሰከንድ ከፈጀበት ጥልቀቱ 7.4 ሜትር ነው ማለት ነው። ጠንካራ ወለል ድምፁን አጉልቶ ይመልሳል፤ ለስላሳ ጭቃ ግን ይውጠዋል። ጀልባዋ ጎን ለጎን በተሰመሩ መስመሮች እየተመላለሰች ስትለካ ሥዕሉ ይወጣል። ከዚያ ከየቦታው አፈር እየዘገኑ አውጥተው በዓይን ማረጋገጥ ግድ ነው። ሐይቁን ሲያጠምዱበት የኖሩ ሰዎችን መጠየቅም የሥራው አካል መሆን አለበት፤ መረብ የት እንደሚያዝ እነሱ ያውቁታል።

ሐረማያን ለየት የሚያደርገው ወለሉ ራሱ መለወጡ ነው። ውኃው በሸሸባቸው ዓመታት ከብት ተሰማርቶበታል፣ ታርሷል፣ ጉድጓድ ተቆፍሮበታል። ስለዚህ የድሮው የጥልቀት ልክ ዛሬ አያገለግልም። በሌላ በኩል ውኃው ያልደረሰበት ክፍል በእግር የሚኬድበት ነው፤ ያለ ጀልባ መለካት ይቻላል። ይህ ዕድል ሊያልፈን አይገባም። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እዚያው አጠገቡ ነው፤ ተማሪ፣ መምህርና ቤተ ሙከራ አለ።

ካርታው እጅ ላይ ካለ ቀሪው ውሳኔ ነው። የቆሮሶ ጎጆ ያለበት ዳርቻ በመራቢያ ወቅት ከመረብ ነፃ ይሁን። አምባዛ የሚወጣበት ሣር አይታረስ። ሞተር የሚተከልበት ቦታም ከሁለቱ ይራቅ። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት፤ ሕጉን ሐይቁ ላይ ለማስፈጸም ግን የሚከለለው ቦታ ድንበሩ መታወቅ አለበት። ደለሉ በየክረምቱ ስለሚጨመርም ልኬታው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መስከረም ጥቅምት ላይ፣ እየተደጋገመ መሠራት ይኖርበታል።