ዳንኤል የጸሎት ሰዓቱን አልቀየረም፦ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ በተለይ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያላችሁ ልጆች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጊዜ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ የምታነሡት ጥያቄ አለ። «ትምህርቱ በዛብኝ፤ ጸሎቱንና አገልግሎቱን የት ላስገባው?» ይላል አንዱ። ሌላዋ ደግሞ «ማትሪክ እስክፈተን ድረስ ትንሽ ልራቅ፤ ከዚያ እመለሳለሁ» ትላለች።

ጭንቀቱ እውነት ነው። የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ፣ ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያንን የሰማ ወላጅ ልጁን «መጽሐፍህን ያዝ!» ቢለው አይፈረድበትም። ተማሪውም ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን «ትንሽ ልራቅ» የሚለው ሐሳብ መልስ አይደለም። ምክንያቱን ከዳንኤል እንማረው።

ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1ን ተማሪ ሆናችሁ አንብቡት። ዳንኤል፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ወደ ባቢሎን ሲማረኩ ልጆች ነበሩ። የተወሰዱትም ለትምህርት ነው። የሚማሩት የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ነው። ጊዜው ሦስት ዓመት ነው። መጨረሻ ላይ ፈታኙ ንጉሥ ናቡከደነፆር ራሱ ነው። ቋንቋው የሀገራቸው አይደለም። ቤተሰብ አጠገባቸው የለም። መቅደሱ ሩቅ ነው። ስማቸው እንኳ ተቀይሯል። እንዲህ ባለ ጭንቅ ውስጥ ሆነው በንጉሡ ማዕድ አንረክስም አሉ። ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ይሰጠን ብለው ለመኑ። ዐሥር ቀን ተሞከሩ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ፊታቸው አምሮ ተገኘ። በፈተናውም ቀን ንጉሡ በጥበብና በማስተዋል ነገር ሲጠይቃቸው፣ በመንግሥቱ ካሉት ጠቢባን ሁሉ ዐሥር እጅ በልጠው ተገኙ (ዳን. 1፥20)።

ይህን ታሪክ ስንሰብክ አንድ ነገር እናሳጥራለን። «ጾሙ፣ ጸለዩ፣ አንደኛ ወጡ» ብለን እናልፋለን። እነዚያን ሦስት ዓመታት ግን ቁጭ ብለው ተምረዋል። እግዚአብሔር እውቀትን የሰጣቸው በሚማሩበት ቦታ፣ በሚማሩት ትምህርት ነው (ዳን. 1፥17)። ስለዚህ ሳያነብ ውሎ ማታ ሻማ እያበራ «ጌታ ሆይ ፊዚክሱን አንተ ሙላው» የሚል ልጅ የዳንኤልን ግማሽ ብቻ ነው የወሰደው። በጸሎት ስም ንባብን መተው መንፈሳዊነት አይደለም። አባትህና እናትህ የሚለፉልህን ትምህርት በትጋት መማር ራሱ «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን ትእዛዝ መፈጸም ነው።

አሁን ወደ ምዕራፍ 6 እንሂድ። ዳንኤል አርጅቷል። በ120 መሳፍንት ላይ ከተሾሙት ከሦስቱ አለቆች አንዱ እሱ ነው። ከእኛ መካከል እንደ እሱ ሥራ የበዛበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ጠላቶቹ አዋጅ አስወጡበት። ማንም ሰው ከንጉሡ ከዳርዮስ በቀር ሌላ ቢለምን ወደ አንበሶች ጕድጓድ ይጣላል ተባለ። አዋጁ ለስንት ጊዜ ነበር? ለሠላሳ ቀን ብቻ! ዳንኤል «አንድ ወር ምን አላት? ትንሽ ልራቅና እመለሳለሁ» ማለት ይችል ነበር። ወይም መስኮቱን ዘግቶ በልቡ ብቻ ሊጸልይ ይችል ነበር። እሱ ግን አዋጁ እንደ ተጻፈ እያወቀ ወደ ቤቱ ገባ። ወደ ኢየሩሳሌም አንጻር ያሉት መስኮቶች ተከፍተው ነበር። «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ።

የእኛም የማትሪክ ሰሞን ያቺ የሠላሳ ቀን አዋጅ ናት። አንድ ወር ብለን እንጀምራለን። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሚድና ፋይናል አለ። ከዚያ ሥራ ፍለጋ አለ። ከዚያ ትዳርና ልጅ አለ። ጊዜ የሚተርፈን ቀን እየራቀ ይሄዳል። ዳንኤል በሽምግልናው ያልቀየረውን ሰዓት የያዘው በሽምግልናው አይደለም። መክብብ «በጉብዝናህ ወራት ፈጣሪህን አስብ» የሚለው ለዚህ ነው (መክ. 12፥1)።

ታዲያ ተማሪ ቀኑን እንዴት ይያዘው? እኔ የምመክረው መጀመሪያ የጸሎቱን ሰዓት አስቀምጣችሁ፣ ሌላውን በዙሪያው እንድታደርጉ ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ሁሉን ነገር ጨርሰን «ከተረፈ እጸልያለሁ» እንላለን። አይተርፍም።

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት ሰጥታናለች፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። የሚገርመው የተማሪ ቀን ከዚህ ጋር መገጣጠሙ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወርዷል፤ ጴጥሮስም በዚያ ሰዓት ቆሞ አስተምሯል (ሐዋ. 2፥15)። ስድስት ሰዓት ጌታችን የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት ነው። የሀገራችን ሰዓት አቆጣጠር ከዚህ ጋር አንድ ስለሆነ ማስላት እንኳ አያስፈልግም። በውጭ ሀገር የምትማሩ ልጆች፣ በእናንተ ሰዓት ከጧቱ 9፣ ከቀኑ 12 እና ከሰዓት በኋላ 3 ማለት ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ናችሁ። ማንም ሳያውቅ በልባችሁ አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» በሉ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስድስት ሰዓት ለምሳ ስትወጡ ሌላ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ከትምህርት ቤት ልትወጡ ስትሉ ወይም ወጥታችሁ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ፣ ሌላ። ጧት ተነሥታችሁ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሙ። ማታ ሳትተኙ ደግሞ አንድ መዝሙረ ዳዊት አንብባችሁ ተኙ። ስለ መንፈቀ ሌሊቱ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ጀምራችሁ ክፍል ውስጥ እንዳታንቀላፉ።

የንባቡን ሰዓት ደግሞ በዚሁ ላይ አንጠልጥሉት። ቤት ደርሳችሁ፣ በልታችሁ፣ ትንሽ አርፋችሁ አሥር ሰዓት ላይ ተቀመጡ። የምትፈሩትን ትምህርት አስቀድሙ። ሒሳብ የሚከብደው ልጅ ሒሳቡን ማታ ደክሞት ሲይዘው የባሰ ይከብደዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተነሡ፤ የሠርኩን ጸሎት አድርሱ፤ ውኃ ጠጡ። ከዚያ ተመልሳችሁ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ግድም አንብቡ። ከራት በኋላ አሳይመንትና ቀለል ያለው ይሁን። አራት ሰዓት ላይ ተኙ። በፈረቃ የምትማሩ ሰዓቱን እንደሚመቻችሁ አዟዙሩት። የጸሎቱ ሰዓት ግን ባለበት ይቆይ።

እንቅልፍን እንደ ኃጢአት የሚቆጥሩ ቸካዮች አሉ። ኤልያስ ደክሞት ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መጀመሪያ የላከለት ስብከት አልነበረም። መልአኩ «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በላ፤ ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፤ በላ። ከዚያ በኋላ ነው አርባ ቀን የሄደው (1ኛ ነገ. 19)። ጾሙም እንዲሁ በምክር ይሁን። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፤ ፈተናውም ብዙ ጊዜ በዚያው ሰሞን ይውላል። እስከ ስንት ሰዓት ልጹም የሚለውን በጓደኛ ፉክክር አትወስኑት። የታመማችሁም መድኃኒት የምትወስዱም ለንስሐ አባታችሁ በግልጽ ንገሩ።

ስለ ስልክ ሳልናገር ባልፍ እውነት አይሆንም። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ታካች ሲናገር «ጥቂት ትተኛለህ፥ ጥቂት ታንቀላፋለህ» ይላል (ምሳ. 6፥10)። ማንም ሰው ዛሬ አራት ሰዓት ቲክቶክ ላይ ልጣድ ብሎ አይጀምርም። አንድ ቪዲዮ ብሎ ነው። በንባብ ሰዓት ስልኩን ለእናታችሁ ስጡ፤ ወይ ሌላ ክፍል አስቀምጡት። ዳታ ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ መልሶ ማብራት የአንድ ጣት ሥራ ነውና። ሌላም ልጨምር። መንፈሳዊ ቪዲዮም ቢሆን ሰዓት ይበላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከስብከት ወደ ስብከት እየዘለለ ያመሸ ልጅ የጸለየ ይመስለዋል። አልጸለየም፤ አላነበበምም።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ በቴሌግራም «ፈተናው ወጣ» የሚለውን እየጠበቁ ማደር ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት የጀመረው እኮ በዚሁ በስርቆቱ ምክንያት ነው። የተሰረቀ ፈተና የሚጠብቅ ክርስቲያን ሌሊቱንም ኅሊናውንም ነው የሚያጣው። እንዲህ ካለው ግሩፕ ዛሬውኑ ውጡ። ያላነበባችሁትን ጥያቄ ባዶ ትቶ መውጣት ይሻላል።

እኅቶቼ፣ የእናንተን ሁኔታ ለብቻው ማንሣት እፈልጋለሁ። ብዙ ቤት ውስጥ ወንዱ «ያጥና፤ አትረብሹት» ይባላል። ሴቷ ግን ከትምህርት ቤት ገብታ ወጥ ትሠራለች፤ ቡና ታፈላለች፤ ዕቃ ታጥባለች፤ ታናናሾቿን ታጥባለች። ደብተሯን የምታወጣው ሁሉም ሲተኛ ነው። ከዚያ ውጤት ሲመጣ «ሰነፍ ናት» ይባላል። ይህ ግፍ ነው። የማርታ እኅት ማርያም በጌታ እግር አጠገብ ተቀምጣ ስትማር፣ ማርታ «እንድታግዘኝ ንገራት» አለች። ጌታ ግን ማርያምን ከትምህርቷ አላስነሣትም (ሉቃ. 10፥42)። የማርታንም ድካም አልናቀም፤ ቅዱስ አውግስጢኖስም ሌሎች አባቶችም ስለ እርሷ በክብር ነው የተናገሩት። ስለዚህ ወንድሞች፣ የእኅታችሁን ጊዜ የመጠበቅ ዕዳ አለባችሁ። ዕቃ ማጠብ ይቻላል። ሽንኩርት መላጥ ይቻላል። ይህ ከማንኛውም የጽዋ ማኅበር አገልግሎት አያንስም። ወላጆችም ይህን ካነበባችሁ፣ ለልጃችሁ በቀን ሁለት ሰዓት ማንም የማይነካው ጊዜ ስጧት።

ለእኛ ለአገልጋዮችም የሚደርስ ቃል አለ። የመዝሙር ጥናት፣ የድራማ ልምምድ፣ የጉዞ ዝግጅት፣ የጉባኤ መስተንግዶ ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ ይጫናል። ጎበዝና ታዛዥ ስለሆነ ብቻ! ጌታችን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው ተገኝቷል። ከዚያ ግን ከእመቤታችንና ከዮሴፍ ጋር ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዝላቸው ነበር (ሉቃ. 2፥51)። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ በዚያ ዓመት ከምሽት ልምምድ ነፃ ይሁን። ቅዳሴውንና የእሑዱን ትምህርት ግን አያቋርጥ። በብዙ ደብሮች የእሑድ ቅዳሴ ጧት ሦስት ሰዓት ግድም ይጠናቀቃል፤ የቀረው ቀን ሰፊ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በአራተኛው መቶ ዘመን አቴና አብረው ተምረዋል። ከተማዋ በጣዖትና በጨዋታ የተሞላች ነበረች። ጎርጎርዮስ በኋላ ስለ ጓደኛው ሲመሰክር፣ እኛ የምናውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነበር አለ፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ መምህሮቻችን የሚወስደው። እንዲህ ዓይነት አንድ ጓደኛ ያዙ። አብራችሁ የምታነቡት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ደረሰ እኮ» የሚላችሁ። ብቻውን የጀመረ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል።

ለተፈታኞች የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁ። ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም። በስልክ እያያችሁ የምትጸልዩ ከሆነ በዚያ ሳምንት ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ስለዚህ ከአሁኑ ጀምራችሁ ጸሎተ ሃይማኖትን፣ መዝሙር 50ን «አቤቱ ይቅር በለኝ»ን፣ የሰባቱንም ቀን ውዳሴ ማርያም በቃላችሁ ያዙ። በየቀኑ ጥቂት መስመር ከያዛችሁ ለፈተናው ሳምንት ይደርስላችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።